ኪሳራው በወረቀት፣ ሂሳቡ በኪስ፦ «ግብር የማይነካው ሀብት» ለተባለው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን «የኪራይ ቤት፦ ግብር የማይነካው ሀብት» የሚል ጽሑፍ ሰው ሲቀባበለው አያለሁ። ለእኔም ሁለት ወዳጆቼ ላኩልኝ። አንደኛው «ቅድሚያ ክፍያ ልከፍል ነው፣ እስቲ አይተህ ንገረኝ» ብሎ ጨምሮበታል። ይህን የምጽፈው በዋናነት ለእሱ ነው፤ ሌላውም ቢያነበው አይጎዳም።

ጽሑፉ ባጭሩ እንዲህ ይላል። ደመወዝተኛ ከግብር የሚያመልጥበት በር የኪራይ ቤት ነው። ለአከራይ የእርጅና ቅናሽ ይታሰብለታል፣ የብድሩ ወለድ ከገቢው ይቀነስለታል። ቤቱ ባዶ ቢያድር እንኳ ኪሳራው ግብር ያቃልላል። አዲስ ግብር ቢመጣ ተከራዩ ይሸከመዋል። ሕጉ አይቀየርም፣ ምክንያቱም መራጩም ተመራጩም ባለቤት ነው። የቤት ዋጋም አይወርድም። እናም ዓመቱ ሳያልቅ ተበድራችሁ ግዙ።

ጸሐፊው አብዛኛውን ምሳሌ የወሰዱት ከአሜሪካና ከእንግሊዝ ሕግ ነው። እኔም ከዚያ ብዙ አልርቅም፤ አንዳንድ አገር ብቻ እጨምራለሁ። ዓመተ ምህረቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ጸሐፊው የጠቀሷቸው ቅናሾች ከአየር የተፈጠሩ አይደሉም፣ አብዛኞቹ ሕግ ላይ አሉ ወይም ነበሩ። ችግሩ ታሪኩን እመሃል ላይ ማቆማቸው ነው።

«የእርጅና ቅናሽ መንግሥት የሚሰጣችሁ ነጻ ገንዘብ ነው»

ምሳሌያቸውን እንዳለ ልውሰደው። አንድ ሰው አሜሪካ ውስጥ በ330,000 ዶላር ቤት ይገዛል። ከዚህ 55,000ው የመሬቱ ዋጋ ነው። መሬት ስለማያረጅ ቅናሽ የለውም። ቀሪው 275,000 የሕንፃው ነው። የአሜሪካ ሕግ ለመኖሪያ ኪራይ ቤት 27 ዓመት ተኩል ዕድሜ ስለሚሰጥ በየዓመቱ 10,000 ዶላር «አረጀ» ተብሎ ከገቢ ይቀነሳል። ኪራዩ በወር 2,000፣ በዓመት 24,000 ነው። ለወለድ፣ ለኢንሹራንስና ለንብረት ግብር 21,000 ይወጣል። ኪስ ውስጥ 3,000 ይቀራል። ለግብር መሥሪያ ቤቱ በሚቀርበው ወረቀት ላይ ግን 7,000 ኪሳራ ይታያል። «ትርፉ በኪስ፣ ኪሳራው በወረቀት» ይላሉ ጸሐፊው። አባባሏ ታምራለች።

እስከዚህ ድረስ ስሌቱ ልክ ነው። የተተወው ቤቱ ሲሸጥ የሚሆነው ነው።

ሰውዬው ከአሥር ዓመት በኋላ ያንኑ ቤት በገዛበት በ330,000 ሸጠው እንበል። ሰባራ ሳንቲም አላተረፈም። የግብሩ መዝገብ ግን ሌላ ነገር ይላል። በአሥር ዓመት 100,000 ቀንሷል፣ ስለዚህ ቤቱ በመዝገብ የቀረው ዋጋ 230,000 ነው። በ330,000 ሲሸጠው 100,000 አትርፏል ማለት ነው። ይህ ከእርጅና ቅናሽ የመጣ ትርፍ እስከ 25 በመቶ ግብር ይጣልበታል። ዋጋው ንቅንቅ ባላለ ቤት እስከ 25,000 ዶላር ድረስ ሊጠየቅ ይችላል። በየዓመቱ ሊጠቀምባቸው ሳይችል የተጠራቀሙ ኪሳራዎች ካሉት ሲሸጥ ይታሰቡለታል። የተጠቀመባቸው ግን ተበልተዋል።

«እንግዲያው ቅናሹን አልጠይቅም፣ ሲሸጥም አልጠየቅም» የሚል ብልጥ ይኖራል። ይህም ታስቦበታል። ሕጉ የሚቆጥረው የተጠቀማችሁበትን ብቻ ሳይሆን ልትጠቀሙበት ትችሉ የነበረውንም ነው። ቅናሹን ሳይወስዱ የቀሩ ሰዎች ሲሸጡ እንደወሰዱ ይቆጠራሉ።

ስለዚህ የእርጅና ቅናሽ ለአብዛኛው ሰው ስጦታ ሳይሆን ወለድ የሌለው ብድር ነው። ወለድ የሌለው ብድር መልካም ነገር ነው፣ አልክድም። ግን ብድርን እንደ ገቢ ቆጥሮ የሚያጠፋ ሰው መጨረሻው ይታወቃል። ደግሞም እርጅናው ወረቀት ላይ ብቻ አይደለም። ጣሪያውም፣ ቧንቧውም፣ የውሃ ማሞቂያውም በእርግጥ ያረጃሉ። በጸሐፊው ምሳሌ ውስጥ ለጥገና የተያዘ አንድ ዶላር የለም። ሲያከራዩ የኖሩ ሰዎች ይህንን አንብበው የሚስቁ ይመስለኛል።

ሌላም የተዘለለ ነገር አለ። ጽሑፉ የተጻፈው ደመወዙ ጠርቀም ላለ ሰው ነው። የኪራይ ኪሳራን ከደመወዝ ላይ መቀነስ ግን አሜሪካ ውስጥ ገደብ አለው። ቤቱን በማስተዳደር የሚሳተፍ ሰው በዓመት እስከ 25,000 ዶላር ኪሳራ መቀነስ ይችላል። ገቢው ከ100,000 ሲያልፍ ይህ እየተሸራረፈ ሄዶ 150,000 ላይ ዜሮ ይሆናል። ቁጥሮቹ የወጡት በ1986 ነው። ከዚያ ወዲህ ኑሮ የትና የት ሲደርስ እነሱ አልተነቃነቁም። ከዚህ ለማምለጥ የሪል እስቴት ባለሙያ ተብሎ መቆጠር ያስፈልጋል፤ ይህ ደግሞ በዓመት ከ750 ሰዓት በላይ፣ ከሥራ ጊዜም ከግማሽ በላይ ለዚሁ ማዋልን ይጠይቃል። የሆስፒታል ተረኛ ሐኪም ይህን አሟላለሁ ብሎ ቢፈርም ኦዲተሩ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው።

«ወለድ ስለሚቀነስ የበለጠ መበደር የበለጠ ማትረፍ ነው»

እዚህ ላይ ጸሐፊው የጠሩት እንግሊዝን ነው። የሚገርመው፣ ለዚህ አባባል እንግሊዝን ያህል መጥፎ ምስክር ማግኘት ይከብዳል።

በሐምሌ 2015 የገንዘብ ሚኒስትሩ ጆርጅ ኦስቦርን አዲስ ሕግ እንደሚመጣ አስታወቁ። ከሚያዝያ 2017 ጀምሮ በአራት ዓመት ውስጥ ደረጃ በደረጃ፣ በግል ስማቸው የሚያከራዩ ሰዎች የቤት ብድር ወለድን ከኪራይ ገቢ መቀነስ እንዲያቆሙ ሆነ። በ2020 ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ ዋለ። በምትኩ የወለዱን 20 በመቶ ከሚከፍሉት ግብር ላይ ይቀንሳሉ።

ሲሰማ ቀላል ይመስላል። በቁጥር እንየው። አከራዩ በሌላ ገቢው ምክንያት 40 በመቶ የግብር እርከን ላይ ያለ ሰው ነው። የዓመት ኪራይ 20,000 ፓውንድ፣ ወለድ 15,000፣ ሌላ ወጪ 2,000። እጁ ላይ የሚቀረው 3,000 ነው። በድሮው ሕግ ከዚህ ላይ 40 በመቶ፣ ማለትም 1,200 ከፍሎ 1,800 ይዞ ይሄዳል። በአዲሱ ሕግ ወለዱ እንደ ወጪ አይቆጠርም። ግብር የሚታሰበው በ18,000 ላይ ነው። የዚያ 40 በመቶ 7,200 ነው። የወለዱ 20 በመቶ፣ 3,000፣ ይቀነስለታል። የሚከፍለው 4,200 ይሆናል። ያተረፈው 3,000፣ ግብሩ 4,200። ከደመወዙ 1,200 ጨምሮ ነው የሚከፍለው።

ልብ በሉ፣ ይህ ሰው ምንም አላጠፋም። ተከራዩ በሰዓቱ ከፍሏል፣ ቤቱ ባዶ አላደረም፣ ባንኩም ወለድ አልጨመረበትም። የተለወጠው ሕጉ ብቻ ነው። በዚህ ሕግ ደግሞ ብዙ የተበደረ ነው ብዙ የሚጎዳው። ብድር የሌለበት አከራይ ሕጉ መውጣቱንም ላያውቅ ይችላል። «የበለጠ ተበደሩ» የሚለው ምክር እዚያ አገር ሰውን ቀጥታ ወደ ገደል የሚመራ ነበር።

«በኩባንያ ስም ቢይዘውስ?» ይባላል። እርግጥ ነው፣ ሕጉ ኩባንያዎችን አልነካም፣ ብዙዎችም ወደዚያ ሄደዋል። ግን በስማችሁ ያለውን ቤት ወደ ኩባንያ ማዛወር እንደ ሽያጭ ይቆጠራል። ካፒታል ጌይን ታክስ (ንብረት ሲሸጥ በትርፉ ላይ የሚከፈል ግብር) አለው፣ የግዢ ቀረጥም አለው። ቀረጡ ላይ ደግሞ ተጨማሪ ቤት ለሚገዛ ሰውና ለኩባንያ ከሚያዝያ 2016 ጀምሮ 3 በመቶ ተጨምሯል፤ በጥቅምት 2024 መጨረሻ ወደ 5 በመቶ ከፍ ብሏል። የኩባንያውን ትርፍ ወደ ኪሳችሁ ስታወጡት እንደገና ግብር አለ። ለአዲስ ገዢ ሊያዋጣ ይችላል። ቤቱን አስቀድሞ ለገዛው ግን የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ነው።

«ሕጉ አይቀየርም»

ከሁሉም ያሳሰበኝ ይኼኛው ነው። ወዳጄም ያመነው ይህንን ነው፤ «የፓርላማ አባል ራሱ አከራይ ሆኖ ራሱን ይጎዳል?» ሲል ጠይቆኛል።

ለጸሐፊው የሚመሰክር አገር አለ፤ እኔው ላንሳላቸው። አውስትራሊያ በ1985 የኪራይ ኪሳራን ከደመወዝ ላይ መቀነስን ከለከለች። ጩኸቱ በዛ፣ በ1987 ያው የጠቅላይ ሚኒስትር ቦብ ሆክ መንግሥት መለሰው። የሌበር ፓርቲ ይህንኑ ቅናሽ እገድባለሁ ብሎ በ2016ም በ2019ም ለምርጫ ቀርቦ ሁለቱንም ተሸነፈ። ስለዚህ የባለቤቶች ድምፅ ጉልበት አለው የሚለው ሐሳብ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም።

ግን በ1986 እና በ1987 አውስትራሊያ ውስጥ ኪሳራ ሲከፍል የነበረው ሰው፣ ሕጉ በኋላ መመለሱ የዚያን ጊዜውን የባንክ ክፍያ አልከፈለለትም። አደጋ ማለት ይህ ነው። ሕጉ ለዘላለም መቀየሩ ግድ አይደለም፤ እናንተ ብድር ላይ ባላችሁበት ሁለትና ሦስት ዓመት ከተቀየረ ይበቃል።

ኒውዚላንድን እዩ። መንግሥት በመጋቢት 2021 ወለድ መቀነስ ሊቀር ነው አለ። ከመጋቢት 27 ወዲህ ነባር ቤት ለገዙት ከጥቅምት 1 ቀን 2021 ጀምሮ ጭራሽ ቀረ፣ ቀደም ብለው ለገዙት በየዓመቱ እየተቀነሰ ሄደ። በ2023 መንግሥት ተቀየረ። አዲሱ መንግሥት ከሚያዝያ 2024 ጀምሮ 80 በመቶውን፣ ከሚያዝያ 2025 ጀምሮ ሙሉውን መለሰ። በዚያው አገር ቤት ገዝቶ ቶሎ የሚሸጥ ሰው በትርፉ ላይ ግብር የሚከፍልበት የጊዜ ገደብ አለ። በ2015 ሁለት ዓመት ነበር። በ2018 አምስት ሆነ። በ2021 አሥር ሆነ። በሐምሌ 2024 ወደ ሁለት ተመለሰ። የ30 ዓመት ብድር የተዋዋለ ሰው በአሥር ዓመት ውስጥ አራት ዓይነት ሕግ አየ።

አየርላንድም የገንዘብ ቀውሱ ሲመታት በ2009 የሚቀነሰውን ወለድ ወደ 75 በመቶ አወረደችው። ወደ 100 የተመለሰው በ2019 ነው። እዚህ ላይ የጊዜው አገጣጠም ይታያችሁ፤ የቤት ዋጋ እየወደቀ፣ ሰው ከሥራ እየተፈናቀለ ባለበት ሰዓት ነው ቅናሹ የተሸረፈው። ይህ ደግሞ እንዲያው ክፉ አጋጣሚ አይደለም። መንግሥት ገንዘብ የሚያጥረው ለሁሉም ሰው ሲያጥር ነው። ያን ጊዜ ዙሪያውን ሲቃኝ፣ ካፒታሉን ይዞ ወደ ሌላ አገር መሄድ የማይችለው ባለቤት ፊት ለፊቱ ቆሟል።

የአሜሪካው የ1986 ታሪክ ግን ከሁሉም ይበልጣል። በ1981 የወጣው ሕግ ሕንፃን በ15 ዓመት ብቻ አረጀ ብሎ መቀነስን ፈቀደ። ሰው ሕንፃ መግዛት የጀመረው ለኪራዩ ሳይሆን ለኪሳራው ነው። ሐኪሙም፣ ጥርስ ነቃዩም፣ ጠበቃውም በሽርክና እየገቡ የወረቀት ኪሳራ ይገዙ ነበር። ተከራይ የሌላቸው የቢሮ ሕንፃዎች ተሠሩ። በ1986 ሕጉ ተገለበጠ። የመኖሪያ ቤት የእርጅና ዘመን 27 ዓመት ተኩል ሆነ። ከላይ የጠቀስኩት የኪሳራ ገደብም ያኔ መጣ። የሚያመው ደግሞ ገደቡ ከዚያ ወዲህ ለሚገዙት ብቻ አለመሆኑ ነው። አስቀድመው የገዙትንም በጥቂት ዓመት ውስጥ ጠቅልሎ ያዛቸው። በግብር ቅናሽ ብቻ የቆመው ሕንፃ ዋጋው ወደቀ። ቀጥሎ በመጣው የቁጠባና ብድር ተቋማት ቀውስ ከ1,000 በላይ ተቋማት ወደቁ። መንስኤው ብዙ ነው፣ ይህ ሕግ ብቻ አይደለም። ግን ከመንስኤዎቹ አንዱ ነበር።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። የግብር ቅናሽ ሲኖር ሁሉም ገዢ ያውቀዋል። ሁሉም ስለሚያውቀው ቤቱን ሲጫረት በዚያ ልክ ዋጋ ይጨምራል። ቅናሹን የሚበላው ቀድሞ የነበረው ሻጭ ነው። ዘግይቶ የገባው ገዢ ቅናሹን በዋጋው ውስጥ ከፍሎበታል። ቅናሹ ሲነሳ ደግሞ ዋጋው ሲወርድ የሚይዘው እሱን ነው። «ዓመቱ ሳያልቅ ግዙ» ሲባል እሺ የሚለው ገዢ የቱ እንደሆነ ለእናንተ ትቼዋለሁ።

«ግብር ቢጨምር ተከራዩ ይከፍለዋል»

አከራዩ ኪራይ መጨመር የሚችል ከነበረ ግብሩ እስኪመጣ ለምን ጠበቀ? ኪራይ የሚወሰነው በአከራዩ ወጪ አይደለም። በአካባቢው ስንት ቤት አለ፣ ስንት ሰው ይፈልጋል፣ ምን ያህል መክፈል ይችላል የሚለው ነው የሚወስነው። ጎረቤቴ ብድር የሌለበት አከራይ ከሆነ አዲሱ ሕግ አልነካውም፣ ኪራይም አይጨምርም። እኔ ብቻዬን ብጨምር ተከራዬ ዕቃውን ይዞ ወደ እሱ ይሻገራል።

በረጅም ጊዜ ግን ጸሐፊው ትንሽ እውነት አላቸው። አከራዮች እየሸጡ ከወጡ፣ አዲስ የሚሠራ ከጠፋ፣ የሚከራየው ቤት ይቀንስና ኪራይ ሊጨምር ይችላል። ያ እስኪሆን ዓመታት ይሄዳሉ። እስከዚያ ክፍያው የማን ነው? ደግሞ ኪራይ ሲጨምር ሌላ ሕግ ይመጣል። በርሊን በየካቲት 2020 ኪራይ ላይ ጣሪያ አደረገች። የጀርመን ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት በሚያዝያ 2021 ሰረዘው እንጂ ለአንድ ዓመት ከሁለት ወር ያህል አከራዩም ተከራዩም ሒሳቡን ሳያውቅ ኖሯል።

«ባዶ ቤትም ግብር ያቃልላል»

ይህችን ሳነብ ደግሜ አነበብኳት። መቶ ብር አጥቶ ሠላሳ ብር ግብር የተቀነሰለት ሰው ሰባ ብር ጎድሎታል። ሌላ የሚባል ነገር የለም። ቤት አንድ ብቻ ያለው አከራይ ደግሞ መሃል የለውም፤ ወይ ሙሉ ገቢ አለ፣ ወይ ምንም የለም። በዓመት አንድ ወር ባዶ መሆን ብቻ ከዓመቱ ኪራይ ከ8 በመቶ በላይ ይወስዳል። ባንኩ ያንን ወር አይዘለውም።

«የቤት ዋጋ አይወርድም»

አየርላንድ ከ2007 እስከ 2013 ባለው ጊዜ ግማሽ ያህሉን አጥቷል። አሜሪካ ከ2006 በኋላ በአገር ደረጃ ከሩብ በላይ ወርዷል። ጃፓን ከ1990ዎቹ መጀመሪያ በኋላ የከተማ መሬት ዋጋ ከአሥር ዓመት በላይ ሲወርድ ኖሯል። 20 በመቶ ቅድሚያ ከፍሎ የገዛ ሰው ዋጋው 20 በመቶ ሲወርድ ያስገባው ገንዘብ በሙሉ ሄዷል። ይህን ያህል ይበቃል።

«ካፒታል ጌይን ታክስ መክፈል የሞኝ ነው፣ ቤትን በቤት መለወጥ ነው»

አሜሪካ ውስጥ የኪራይ ቤትን ሸጦ ገንዘቡን ሌላ የኪራይ ቤት ላይ በማዋል ግብሩን ማስተላለፍ ይቻላል። ሕጉ አለ። ከሸጣችሁበት ቀን ጀምሮ በ45 ቀን ውስጥ የምትገዙትን ቤት በጽሑፍ ማሳወቅ፣ በ180 ቀን ውስጥ ግዢውን መጨረስ ግዴታ ነው። ገንዘቡም በእጃችሁ ማለፍ የለበትም፣ መካከለኛ ሰው ይይዘዋል። የ45 ቀን ገደብ ያለበት ገዢ ገበያ ሲወጣ ሻጭና ደላላ ምን ያህል እንደሚደሰቱ አስቡት። እስከ ዕለተ ሞት እየለወጡ ከሄዱ ወራሾች በአዲስ ዋጋ ይረከባሉ፣ ይህም እውነት ነው። ግን ዕቅዱ እንዲሠራ እናንተ መሞት አለባችሁ፣ ሕጉ ደግሞ እስከዚያ መኖር አለበት።

አሁን ወደ ጸሐፊው ምሳሌ ልመለስ፣ ምክንያቱም ወዳጄ ሊፈርምበት ያለው ስሌት ከዚያ ብዙም አይለይም። 24,000 ኪራይ፣ 21,000 ወጪ፣ 3,000 ትርፍ ተብሏል። ከ21,000ው ውስጥ ወለዱ 15,700 ያህል ነው እንበል። ይህ የ264,000 ዶላር ብድር በ6 በመቶ፣ በ30 ዓመት የሚከፈል ማለት ነው። ባንኩ ግን የሚሰበስበው ወለድ ብቻ አይደለም። ዋናው ገንዘብም በየወሩ ይከፈላል፤ በመጀመሪያው ዓመት ከ3,200 ዶላር በላይ ነው። ከግብር ላይ አይቀነስም፣ በምሳሌያቸውም ውስጥ የለም። ሲጨመር 3,000ው ትርፍ አልቆ 200 ያህል ይጎድላል። አንድ ወር ባዶ ሲጨመር 2,200። የውሃ ማሞቂያ ሲቀየር ደግሞ ከዚያ በላይ። የ7,000 ዶላሩ የወረቀት ኪሳራ 22 በመቶ እርከን ላይ ላለ፣ ገቢውም ከ100,000 በታች ለሆነ ሰው የሚያድነው ግብር 1,540 ነው። ዋናው ገንዘብ ባለቤትነቱን ያሳድጋል፣ እውነት ነው። ግን በየወሩ የሚወጣው ከደመወዙ ነው። ወዳጄን የጠየቅኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የግብር ቅናሹን መስመር በእርሳስ ሰርዘህ ደምረው፣ ከዚያ በኋላ ለስንት ወር ከደመወዝህ ልትጨምር ትችላለህ?